አመልካች ጣት

ሉልሰገድ የመጀመሪያውን መስመር መትቶ ቀና ብሎ አነበበውና ወረቀቱን ከታይፑ ስቦ ጨመደደው። "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። ሊጽፍ ያሰበው "ለልጄ ለሜላት" ነበር።

"ምነው?" አለችው ታላቅ እህቱ አዳነች፣ አጠገቡ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች።

"ጣቶቼ ናቸው፣ እትዬ። 'ለ'ን ከነኩ በኋላ አይሰሙኝም፤ የቀረውን ራሳቸው ይጨርሱታል።"

"በእጅህ ጻፈዋ።"

"የእጅ ጽሑፌን እኔም አላነበው።"

ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር፣ በቆርቆሮ ጥላ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲመታ ኖሯል። ግራና ቀኙን ኮምፒውተር ቤቶች ቢከቡትም መብራት በጠፋ ቀን ደንበኛው ሁሉ ወደ እሱ ነው። ዛሬ ግን አመልካቹ ራሱ ሆነ። የካቲት ላይ የኢዩኤል ሽማግሌዎች ሜላትን ሊጠይቁ ሲመጡ "ልጄን ለታክሲ ሹፌር አልሰጥም" ብሎ ከደጅ መለሳቸው። የሠርጉ ቀን ያለ እሱ ተቆረጠ፤ የፊታችን እሑድ ነው። በስልክ ስንቴ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና በአክስቷ በአዳነች በኩል "በጽሑፍ ያቅርብ" አለች። ደብዳቤው ዛሬ ካልደረሳት፣ እሑድ በእሱ ቦታ ቆሞ የሚመርቃት አጎቷ አቶ ከተማ ነው።

ሁለተኛውን ወረቀት አስገብቶ እንደ ልማዱ ቁልፎቹን ሳያይ አንደቀደቀው። አዳነች መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች።

"ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ ይሆናል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው..." መነጽሯን አወለቀች። "ወንድሜ፣ ይኸ ማህተምና ቁጥር ብቻ ነው የጎደለው።"

"የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ" አለ ሉልሰገድ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ሜላት ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እዚሁ ጥላ ሥር ታይፕ አስተምሯታል። አንድ ቀን "አባባ፣ 'ው' የት ናት?" ብትለው በዓይኑ ፈልጎ አጣት። ዓይኑን ጨፍኖ "ለሚመለከተው" ብሎ እስኪመታ ድረስ የት እንዳለች አላወቀም ነበር፤ የሚያውቁት ጣቶቹ ናቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቃሉን ቆራርሶ ሰጣት። መጀመሪያ "ለሚ"ን ብቻ ስትደጋግም ዋለች፤ ያ ሲሳካላት "መለከ"ን፣ ቀጥሎ "ተው"ን። በሳምንቱ ሦስቱ ገጥመው በአንድ ትንፋሽ ሲወጡላት አባትየው ኩራቱን መደበቅ አቃተው። በአንድ ጣት ስትፈልግ ካያት ግን "ይኸ የጀማሪ ነው፤ ጥሬ የምትለቅም ዶሮ መሰልሽ" ይላት ነበር።

"አሥር ሰዓት ሆነ" አለች አዳነች። "ደብዳቤውን ላደርስላት ለአራት ኪሎ ታክሲ ልሰለፍ ነው፣ ቶሎ በል።"

ሦስተኛውን ወረቀት አስገባ። ግራ እጁን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠበት። ቀኙን ጨበጠና አመልካች ጣቱን ብቻ ዘረጋ።

እያንዳንዷን ፊደል መፈለግ ነበረበት። "ሜ"ን አገኘ። "ል"ን ሲፈልግ ዓይኑ ሁለት ጊዜ አለፋት። ፋይል የያዘ ሰው መጥቶ "አባባ፣ አንድ ማመልከቻ ነበረችኝ" አለው።

"ነገ ና፣ ልጄ። ዛሬ ገና እየተማርኩ ነው።"

ሰውየው ግራ ተጋብቶ አዳነችን አያት፤ እሷም በእጇ ሸኘችው። ደብዳቤው ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ግንባሩን በመሀረብ እየጠረገ ወረቀቱን አወጣና ሰጣት።

"ሜልዬ፣ ኢዩኤልን ሳላውቀው ናቅሁት። አንቺን በሰው ፊት አሳፈርኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርር በይኝ። አባትሽ።"

አዳነች መነጽሯን መልሳ አድርጋ አነበበችው። "'ይቅር' ላይ 'ር'ን ደግመሃታል" አለችው ቀስ ብላ።

እጁ ወደ ነጩ ማጥፊያ ቀለም ሄደ። በሠላሳ አንድ ዓመት ስህተት ያለበት ወረቀት ከዚህ ጠረጴዛ ወጥቶ አያውቅም። ክዳኑን ከፈተ፤ ወረቀቱን እንደገና አየው፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

"እንዲሁ ስጫት" አለ። "በአንድ ጣት የለቀምኩት መሆኑን ትወቅ።"