ከሚክላት የመጣው ሽንኩርት

ዝም ያለ ሰው አያውቅም ያለው ማን ነው፣ ሲሳይነሽ ይህን ጥያቄ እስራኤል ከገባችበት ዓመት ጀምሮ ይዛው ትዞራለች፣ በመርካዝ ክሊታ፣ አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት፣ መምህርቷ ይቺ ልጅ አትናገርም፣ ትዘገያለች ብላ ለአባቷ ከነገረችበት ቀን ጀምሮ፣ አባባ ቸሬ ግን ጨዋ ልጅ እንዲህ ናት ብለው ኮርተው ወጡ።

አሁን የቴል አቪቭ አውቶቡስ ላይ ናት፣ የሰፈሯ የሺምሾን ፎቆች ወደኋላ ቀሩ፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ፣ ውስጡ ሁለት ዲስኬት። አንዱ የተበላሸው። አንዱ እሷ ያቃናችው።

ዛሬ አቪ ሥራዋን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለፕሮፌሰሩ ያቀርባል፣ የምትሠራበት ላቦራቶሪ አለቃ፣ የራሱን ስም ብቻ ጽፎበት፣ ቁጥሩ እንዲያምርለትም አንድ ቦታ ነካክቶ። ሲሙሌተር ነው፣ ገና ያልተሠራን ኮምፒዩተር መስሎ የሚሠራ፣ ማሽኑ መረጃ በፈለገ ቁጥር ከየት እንዳገኘው ይመዘግባል፣ ልክ እንደ እናቷ ሽንኩርት፣ መጀመሪያ እጇ ሥር ያለው ቅርጫት፣ ከዚያ ቁም ሳጥኑ፣ እዚያም ከጠፋ፣ አንች ሲሳይ፣ ሚክላት ውረጅ፣ ከሕንጻው ሥር ወዳለው መጠለያ፣ ያ ሁሉ ደረጃ። ቅርጫቱና ቁም ሳጥኑ ካሽ የሚባሉት ቅርብ ማከማቻዎች ናቸው፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ፣ ሚክላቱ ዋናው ሜሞሪ፣ ሩቅ። አቪ ከነካካው ወዲህ ግን ከሚክላት የመጣው ሽንኩርት በመንገዱ ቁም ሳጥኑ ላይ ዐረፍ ስላለ ብቻ ከቁም ሳጥን ተገኘ ተብሎ ይቆጠራል። ደረጃውን የወጣው እግርስ? የለም። እሷም እንደዚያው፣ የወጣችው እሷ፣ ተገኘ የተባለው አቪ ዘንድ።

ነግራዋለች እኮ። አንገቷን ደፍታ፣ አቪ፣ ስህተት አለው። ሳቀባት፣ ሞተክ፣ አንቺ ጻፊ፣ ማውራቱን ለኔ ተዪው፣ ነገ የኔን ዲስኬት ብቻ ይዘሽልኝ ነዪ። ሞተክ! ማሯ! ትናንት ለጓደኛዋ ለሐዳስ ያቃናሁትን ልስጠው መሰለኝ ብትላት፣ ማ ፒቶም፣ አብደሻል እንዴ፣ ጫማውንም ጥረጊለት አለቻት። በቀል የእግዜር ነው ይላሉ አባባ። ይሁን፣ ዛሬን ያውሰኝ።

ባሕሩ ከመስኮቱ ጠፋ፣ ቦርሳዋን ከፍታ ሁለቱን ዲስኬቶች ለየቻቸው።

የተበላሸውን ትሰጠዋለች፣ የጠየቀው የራሱን ነው። ያቃናችውን ለማስረጃ ኪሷ ትከታለች። ከፊት ትቀመጣለች፣ ፕሮፌሰሩ አጠገብ፣ እስኪጨርስ፣ እስኪያጨበጭቡለት ትጠብቃለች፣ ከዚያ እጇን ታነሳለች፣ አቪ፣ ከዋናው ሜሞሪ የመጣውን የት ቆጠርከው?

ድምጿን ከፍ አታደርግም። ለመስማት እነሱ ዝም ይበሉ።