የእሑድ ኪኒን

«ጠጋ ጠጋ በሉ! ኋላ ያላችሁ እጅጌ እየሰበሰባችሁ!»

ከሟቹ ሾፌር ጋር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ቲኬት ቆራጭ ለቅሶ ቤቱን አውቶቡስ አደረጉት። ጥፋቱ የወጣቱ ሐኪም ነው። በአባቱ ለቅሶ ላይ አክስቱን ራሷን ሲያዞራት የደም ግፊት መለኪያውን አወጣ፤ ሊያለቅስ የመጣ ሽማግሌ ሁሉ ክንዱን ገልጦ ተሰለፈ።

«ደም ብዛት አለብዎት» አላቸው አንዱን ጎረቤት።

«ተመስገን! እኔም ቤት የሚበዛ ነገር አለ ለካ» አሉና ለሚስታቸው ሊያበስሩ ሄዱ።

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ክሊኒክ?» ብላ አክስቱ ተቆጣች፤ ወዲያው ደግሞ «እስቲ እኔን ድገመኝ» አለች።

ሐኪሙ ባሕር ማዶ የተማረው የተዘጋ የልብ ደም ሥር መክፈት ነው። እዚያው የሚሠራበት ትልቅ ሆስፒታልም ሐዘኑ ሲያበቃ እንዲመለስ ይጠብቀዋል። እዚያ ሰው የሚመጣው ከተዘጋበት በኋላ ነው፤ ይከፍትለታል፣ ይመሰገናል። አንድን ሽማግሌ ጨው ቀንስ ብሎ ቢለምን ማን ያጨበጭብለታል? ደግሞስ አባቱን መች ሳይለምን ቀረ? በየእሑዱ ይደውል ነበር።

«መድኃኒትህን ወሰድክ?»

«አሁን! ውሃው ገና ጉሮሮዬ ላይ ነው» ይለዋል አባቱ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከአውቶቡስ ሞተር በላይ ሲጮኽበት በኖረው ድምፅ።

ታዲያ መድኃኒቱን እየወሰደ ደም ብዛቱ እንዴት ገደለው? የተማረውን ሁሉ እያጠራጠረው ያለው ይህ ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ቲኬት ቆራጩ ብቻ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ተራዎ ነው።»

«እኔ የመኪናው ሠራተኛ ነኝ፤ ሠራተኛ አይከፍልም።»

እየጎተተ አስቀመጣቸው። ለካቸው፤ ቁጥሩን ማመን አቅቶት እንደገና ለካቸው።

«መድኃኒት አልታዘዘልዎትም?»

ከኮታቸው ኪስ አወጡለት። አንድ ፍሬ አልተነካም።

«ምን ላድርግ? እኔ ከውጭ የሚደውልልኝ የለ።»

«ምን ማለት ነው?»

ሽማግሌው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ግን አምልጧቸዋል።

«አባትህ… እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የሚውጠው። ስልኩ ሲጮኽ ‹ኧረ ውሃ!› ይላል፤ ብርጭቆ ይዤ የምሮጠው እኔ። ‹ልጄን አልዋሽም› ይላል። እውነቱን ነው፣ አንድ ቀን ዋሽቶህ አያውቅም።»

ሐኪሙን ሳቅ አመለጠው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ አክስቱ መሐረቧን ወረወረችለት።

«ተቀየምከን?»

«እርስዎም ጋ እሑድ እሑድ ልደውል?»

«ደስ ይለኛል!»

«አልደውልም። ጠዋት ጠዋት ቤትዎ እመጣለሁ።»

«ትልቁ ሆስፒታልስ?»

«ሌላ ከፋች ይፈልግ። እኔ ሳይዘጋ እደርሳለሁ።»

«በየቀኑ? ዕድሜ ልክ?»

«ዕድሜ ልክ።»

«ቁርስ ግን አላበላህም፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትል።»

ኪኒኑን ዋጡ። እንደ ሕፃን ምላሳቸውን አውጥተው አሳዩት። መለኪያው ቦርሳው ውስጥ ገብቷል፤ የሚቆጠር ነገርም አልቀረም። ሐኪሙ ግን ጣቶቹን ከሽማግሌው የእጅ አንጓ ላይ አላነሳም። እሳቸውም እጃቸውን አልሳቡም።