በጣት ብቻ

የቴስታ ስታድ በጣት ነው የሚገባው። ይሄን የማያውቅ መካኒክ አሶሳ ውስጥ ሞልቷል፤ ቁልፍ ይዞ ሲጠመዝዘው ሳይ ደሜ ይፈላል። ስታድ ማለት የሞተሩ ብሎክ ውስጥ የሚተከል ረጅም ብሎን ነው። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው፣ በላዩ ይቀመጥና ዳዶው በቁልፍ ይጠብቃል። ብሎኑ ራሱ ግን ጥርሱን ይዞ መጨረሻው ላይ መድረሱን የሚያውቀው ጣት ብቻ ነው። በእኛ ጋራዥ ይሄ ሥራ የዐብዱልቃድር ነበር። እኔ ዲንሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ ሌላ ሌላውን ሁሉ እገጥማለሁ፤ ስታድ ላይ ስንደርስ ግን ዞር እልለታለሁ።

ዓዲላ የወፍጮዋን ሞተር ከኩርሙክ መንገድ በአይሱዙ አስጭና ያመጣችውም ለዚያ እጅ ብላ ነው። ወፍጮው ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የመንደሯ ሴቶች ማሽላቸውን ተሸክመው ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ዐብዱልቃድር ካልሠራው መልሳ እንደምትጭነው ነግራን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች።

ዐብዱልቃድር ሁለት ስታዶችን አስገባ። ሦስተኛው ላይ ቀና ብዬ ሳይ ቁልፍ አንሥቷል። ዐብዱልቃድር ራሱ በቁልፍ ስታድ ሊያስገባ! ሮጬ ብደርስ ስታዱ ተንጋዶ ገብቷል፤ ከቀዳዳው አፍ የብረት ፍርፋሪ ወጥቷል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው! የሴትዮዋን ብሎክ ልትገድለው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌን ያስዘጋኝ ነበር። አሁን ግን ክንዴን ይዞ ወደ ዕቃ ክፍሉ ወሰደኝ።

«ዲንሳ፣ ይሄ እጅ አይሰማም።»

«አይሰማም ማለት?»

«ስኳር ነው፣ ሐኪም ነገረኝ። ከረመዳን በፊት ጀመረ። ብሎን ይዟል፣ አልያዘም፣ እኔ አላውቅም።»

እጁን ይዤ አየሁት። አውራ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ቁስል አለ። መቼ እንደተቃጠለ ስጠይቀው ጎንበስ ብሎ ተመለከተው፤ ቁስሉን ያየው ገና ያኔ ነው። በጩኸቴ አፈርኩ።

«ስማኝ» አልኩት፣ «ማንም አያውቅም። አንተ አጠገቤ ቁም፣ እኔ አስገባለሁ። አንተ እንደሠራኸው ንገራት። ነገም እንዲሁ እናደርጋለን።» ከልቤ ነበር። ያለ እጁ እዚህ ጋራዥ ምን እያደረገ እንደሚውል ማሰብ አልፈለግኩም።

ራሱን ነቀነቀ። «ዓዲላ የእኔን እጅ አምና መጣች። ዝም ካልኩ ሐራም ነው።»

ሄዶ ማንጎው ሥር ቆመ። መጀመሪያ በበርታኛ ነገራት። እኔ የማውቀው በርታኛ ከገበያ አያልፍም፤ ዓዲላ ግን እጆቹን ስታይ አየሁ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ደገመው።

«ይሄ እጅ ከዛሬ ወዲያ ስታድ አያስገባም። ዲንሳ ነው የሚሠራ። ዲንሳ እጁ ጥሩ ነው።»

አልዋሽም፤ ባለጉዳይ እሱን አልፎ እኔን እንዲጠራ ስመኝ፣ በእሱም ስቀና ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን ጆሮዬን መድፈን አማረኝ።

ዓዲላ ጫኑልኝ አላለችም። «አላህ ያሽርህ» ብላ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ሳበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በል፣ ሥራ» አለችኝ።

የተንጋደደውን ስታድ አወጣሁት፤ የተበላሸው የቀዳዳው ላይኛው ጥርስ ብቻ ስለነበር አስተካከልኩት። ቀዳዳውን በጨርቅ አጽድቼ አዲስ ስታድ አስገባሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ጥርሱ ይዟል፣ በቀስታ ወረደ፤ ሁሉም ይሰማኛል። የሚሰማኝ ነገር ሁሉ ከእሱ የወሰድኩት መሰለኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቴን አነሣሁ።

ዐብዱልቃድር እጁን ወደ ስታዱ ዘረጋ፤ ሳይነካው መልሶ ሰበሰበው።

«ደርሷል?» አለኝ።

«ደርሷል» አልኩት፤ በዘይታሙ እጄ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ።