የጉዮ ጣውላ

«ንቀለው አልኩህ እንጂ ስበረው አልኩህ?» ጃታኒ ወለሉ ላይ ከተነጠፉት ሦስተኛውን ጣውላ በዱላው ጫፍ ነካ አደረገው። «የወንድሜ ድምፅ ነው። ለሰው መርገጫ አልሰጠሁህም።»

መምህር ሁቃ ከባትሪው ሽቦ ላይ ቀና ሳይል፣ ድምፁን የሰጠው ጉዮ ራሱ እንደሆነ መለሰለት።

«የሙት ድምፅ አስቀምጠህ ሰው ታዝናናለህ?»

«ሞተ ብሎ የነገረህ አለ?»

ጃታኒ ዱላውን ከጣውላው ላይ አነሣ።

ለአብዮት በዓል በነጌሌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ፣ ሌሎቹ መምህራን ካርታና የሰብል ናሙና ሲደረድሩ ሁቃ የኋላውን ክፍል አጨልሞ ኤላ ሠርቶበት ነበር፤ የቦረና ከብት የሚጠጣበትን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ። ወለሉ ላይ አራት ጣውላዎች በተርታ ተነጥፈዋል። አንዱ ሲረገጥ ከሥሩ ሁለት ቆርቆሮዎች ይነካካሉ፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው ጀርባ ቴፕ ይነሣና ባልዲ የሚቀባበል አንድ ወንድ ያዜማል። ሳፋ ውሃ ላይ የበራው መብራት ሰው በተራመደ ቁጥር ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል። ሁቃ ድምፆቹን የቀዳው ከጥቂት ዓመታት በፊት ዱብሉቅ ወዳለው ኤላ ወርዶ፣ ውሃ አውጪዎቹን ለየብቻ አስዚሞ ነው። ሦስተኛው ጉዮ ነበር፤ አራተኛው ጃታኒ።

ጉዮ ከዚያ ወደ ጦር ግንባር ዘመተ። አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ በበዓሉ ማግስት ሚስቱን ሎኮን ሊጠይቋት ቀጥረዋል። እሺ ካለች በወጉ መሠረት የጃታኒ ትሆናለች፤ እምቢ ካለች ወደ አባቷ አገር ወደ አሬሮ ከመሄድ ሌላ መንገድ የላትም። ጃታኒ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከብቷን ያጠጣላት እሱ ነው። የባሏን ድምፅ ከሰማች ግን ጉዮ አለ ብላ ስትጠብቀው እንዳትቀር ፈራ።

ጠባቸው ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ጣዲቻ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ፤ የዛሬውን የውሃ ተራ ያዘዘው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ኤላ እንደማይገቡ ተናገሩ። ከኋላቸው የመጡት ጎብኚዎች ሳቁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሁቃ ተራቸውን ሲነግራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ሁሉ ተራውን እየጠየቀ ገባ።

ሎኮ ያልሸጠችውን ወተት በጀሪካን እንደያዘች መጣች። ጃታኒን «ናጋ» ብላ ሰላም አለችውና፣ የጉዮ ድምፅ የት እንዳለ ሰምታ ስለነበር በቀጥታ ሦስተኛው ጣውላ ላይ ወጣች።

ጉዮ ተጣራ። ከታች ያለው እንዲቀበለው ዝም አለ፤ እንደገና ተጣራ። መካከሉ ላይ ሳል አቋረጠውና ሳቅ ብሎ ቀጠለ። ሎኮም አብራው ሳቀች። የውሃው ብርሃን ፊቷ ላይ ይፈስ ነበር።

«መምህር፣ እስቲ ይመልሱልኝ።»

ሁቃ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰው። ጉዮ ተጣራ፤ እዚያው ቦታ ላይ ሳል አቋረጠው፤ እዚያው ቦታ ላይ ሳቀ። በዚህኛው ሎኮ አልሳቀችም።

«ከዚህ ሌላ የሚለው የለም?»

«ያው ነው፣ እቴ። ሁልጊዜም ያው ነው።»

 ከዚያ ጀሪካኑን እግሯ አጠገብ ጣውላው ላይ በጥንቃቄ አሳረፈችና ወረደች። በወተቱ ክብደት ጉዮ መጣራቱን ቀጠለ።

ኤላ ውስጥ የሚጣራ ሰው መልስ አይነፈገውም። ጣዲቻ ሁለተኛው ላይ ወጡ፤ ከክሊኒክ የመጣች አንዲት ነርስ አንደኛውን ረገጠች። አራተኛው ባዶ ነበር። ጃታኒ ጥቂት አመነታና ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣበት። የድሮው የራሱ ድምፅ ወንድሙን ተቀበለው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ባዶ እጆቹ ባልዲ እንደሚቀበል ሰው ከፍ ዝቅ ይሉ ጀመር።

ዜማው ሞላ። ውጭ የነበሩት ወደ በሩ እየተጋፉ ገቡ፤ ሎኮ በመካከላቸው ሾልካ ወጣች። ከአደባባዩ ማዶ ወደ አሬሮ የሚሄድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፤ ከጨው ጆንያዎቹ በላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ መኪናውም ሄደ።