የባለበቅሎዎች ተራ መጥሪያ ሲቀየር

ደርቤ ፊደል አልቆጠረም፤ ስልኩን ግን የበቅሎውን ጠባይ ያህል ያውቀዋል። የደባርቅ ባለበቅሎዎች የጎብኚ ጭነት ተራ በስልክ መቀበል ከጀመሩ ወዲህ፣ ስልኩ ሲጮህ ከታች በስተቀኝ ያለውን አረንጓዴ ምልክት ይነካል፤ በማግስቱ ተራራው ላይ ወዳለው የሳንቃበር ማረፊያ ይጭናል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ።

አንድ ሰኞ ግን ስልኩ ሲጮህ አረንጓዴው የለም። ገጹ ነጭ፣ ያለው ጽሑፍ ብቻ። በግምት አንዱን ቢነካ ተራው ለሌላ ሰው አለፈ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። ቅዳሜ ማለዳ ጋቢውን ደርቦ ወደ ባለበቅሎዎቹ ማኅበር ቢሮ ሄደ።

እዚያ ዘቢደርን አገኛት፤ የስልኩን ተራ መጥሪያ የሠራችውና አሁን የቀየረችው እሷ ናት።

«ምን አስቸገረዎት፣ ጋሼ?»

«ልጄ፣ ቤቴን አፍርሳችሁ ሌላ ሠራችሁልኝ። በሩ የት ነው?»

ልታስረዳው አፏን ከፈተችና ተወችው። «እስቲ እንደለመዱት ይንኩት» አለችው። የደርቤ ጣት ገጹ ላይ ሲንከራተት፣ ሲጠጋ፣ ሲሸሽ አየች።

«ወይኔ! ለሚያነብ ሰው ብቻ ነው የሠራሁት!»

«በቅሎዬም አታነብም» አለ ደርቤ። «ሂጂ ስላት ትሄዳለች፣ ቁሚ ስላት ትቆማለች። እኔም እኮ ጆሮ አለኝ።»

ዘቢደር ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ድምፅዎን ይስጡኝ! ልቅዳውና ስልኩ በእርስዎ ድምፅ ይጥራ!»

ደርቤ አፈረ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ ለጎረቤቱ እንደሚጣራ አድርጎ ተናገረ፦ «ተራህ ደርሷል! የምትጭን ከሆነ የተጫነችውን በቅሎ ንካ፤ የማትጭን ከሆነ ባዶዋን!» የሚነኩትን የበቅሎዎች ሥዕል እሷ ሣለች። የመጀመሪያዋን «ይቺማ ፍየል ናት» ብሎ አሳቃት፤ ጆሮዋን አስረዘመችላት።

በሳምንቱ ረቡዕ ባለበቅሎዎቹ መናኸሪያው አጠገብ ተሰብስበው ሳለ ከሽማግሌው ባለበቅሎ ከይግዛው ኪስ የደርቤ ድምፅ ጮኸ። ይግዛው ደንግጦ ዘወር አለ፤ ደርቤ ግን ፊት ለፊቱ አፉን ገጥሞ ቆሟል። ይግዛው ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩን ላገኘው ሁሉ እየሰጠ «ንካልኝ» ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ስልኩን አወጣ፤ የተጫነችውን በቅሎ አያት፤ ነካት።

«ተመዝግቧል! ነገ ማለዳ!» አለው ስልኩ።

«እኔው ራሴ!» ብሎ ዘለለ ይግዛው። «በገዛ ጣቴ!»

ሰው ሁሉ ከበበው። ደርቤ ሳቁን መያዝ አቅቶት የበቅሎውን አንገት ተደገፈ።