እጁን ያላነሣው የጉለሌ ተወካይ

ባሌ ፈለቀ የሸንጎ አባል በሆነ በዓመቱ ኢታና ወረቀቱን ይዞ ቤታችን መመላለስ ጀመረ። ኢታና ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ያስተምራል፤ ያደገው ግን እዚሁ ሽሮ ሜዳ፣ ከኛ ቤት ጀርባ ነው። ሸንጎው ከውጭ አገር ጋር የሚደረጉ ውሎችን እንዴት እንደሚያጸድቅ ነው የማጠናው ይላል። እኔ ደግሞ ወይ ጉድ፣ ይሄም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል እላለሁ በሆዴ። ክፉ ልጅ ግን አይደለም።

ፈለቀ ሸማኔ ነው። የሸማኔዎች ማኅበር ነው አስመርጦ የላከው። ኮት ለብሶ ስብሰባ ሲሄድ ሰፈሩ እየወጣ ያየው ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ከስብሰባ ተመልሶ ራቱን ሳይነካ ተቀመጠ። ምን ሆነሃል ብዬ ስነዘንዘው ተናገረ። ከአንድ አገር ጋር የንግድ ውል ቀርቦ ነበር፤ የፋብሪካ ጨርቅ ያለ ቀረጥ እንዲገባ የሚፈቅድ። ማኅበሩ ስለዚህ ጉዳይ ጠይቅልን ብሎታል። ልጠይቅ ቢል ተራው ሳይደርሰው ውይይቱ ተዘጋ። የምትደግፉ ሲባል ሌላው ሁሉ እጁን ሲያነሣ እሱ አላነሣም። የኋላ ወንበር ላይ ስለነበር ያየው የለም፤ ውሉም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ተባለ። ለማንም እንዳትተነፍስ አልኩት። እሱ ግን ሄዶ ለኢታና ነገረው።

ኢታና አንድ ልማድ አለው፤ ሰው የነገረውን ከጻፈ በኋላ ተመልሶ ለባለቤቱ ያነብለታል፣ በትክክል ጽፌዋለሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አነበበልን። ለደኅንነታቸው ሲባል ስማቸው የተቀየረ፣ አቶ ለሜሳ የተባሉ የጉለሌ ተወካይ፣ ለሸማኔ ባልደረቦቻቸው ሲሉ ድጋፋቸውን ነፍገዋል ይላል። ቀና ብሎ አየን፤ ስሙን በመቀየሩ ትንሽ ኮራ ብሏል።

ደሜ ፈላ።

“ከጉለሌ ስንት ሸማኔ ነው ሸንጎ የገባው?” አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ሰፈሩን ላውጣው አለ። ሸማኔነቱስ ስለው እሱንም ላውጣው አለ። ግን የጨርቁ ነገር ከወጣ ሰውየው ለምን እጁን እንዳላነሣ አይታወቅም፤ የጨርቁ ነገር ከተጻፈ ደግሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ከጠየቅኋቸው አባላት ሁሉ አልደገፍኩም ያለው ፈለቀ ብቻ ነው፤ እሱን ካወጣሁ ጥናቴ ባዶ ይቀራል አለ። ፈለቀም አንዴ ተናግሬያለሁ፣ እንዳለ ይቀመጥ ብሎ ድርቅ አለ።

ኢታናን እስከ በር ሸኘሁት። የጎረቤታችን የመሰለች ባል በተናገራት አንዲት ቃል ተወስዶ የት እንደገባ አልታወቀም፤ ኢታናም ያውቃል። አውጣው አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ እሺ እትዬ ሸዋገነት አለኝ። ዛሬም ብትጠይቁኝ አውጣው ነው የምለው።

ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ አንዱን ይዞልን መጣ። ፈለቀ ደስ ብሎት የኔን ቦታ አንብብልኝ አለው። ኢታና ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ ግድግዳው። ከዚያ አነበበ። ውሉን ሁሉም አባላት ደግፈውታል፣ የተለየ አቋም የያዘ አባል አልተገኘም ይላል።

ፈለቀ ድገመው አለ። ደገመለት።

“እኔስ?” አለ ፈለቀ። “እኔ እዚያ አልነበርኩም?”

ኢታና ጥናቱን ከደነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

“እዚህ ነህ፣ ከኔ ጋር” አልኩት።

“እሱንማ አያለሁ” አለኝና ተነሥቶ ወጣ።