የእምሩ እርም

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ናሁሰናይ ግን በአንድ ሳምንት ሁለት ጥሪ መጣለት። አንዱ ከአየር ኃይል ነው፣ በመኮንንነት ሊያሠለጥነው፤ ሁለተኛው ለሲቪል አየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ አጥቶ መሐል ሜዳ ከተማ ሞባይል እየጠገነ ለከረመ ልጅ ይህ ጥጋብ ነው።

የመንዝ ሰው ደግሞ ምክር አይሰስትም። ወታደርነቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ወግ ማዕረግ አለው። ትራፊክ የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ይጨማደዳል። አጎቱ ኃይለ ኢየሱስ፣ ፊሽካውን ከምድር ሆነህ ነው የምትነፋው ወይስ ከላይ ብለው የጠየቁት ከልባቸው ነው። ናሁሰናይ እየሳቀ አስረዳቸው፤ ማማ ላይ ተቀምጦ አብራሪዎቹን በሬዲዮ እያነጋገረ፣ አንዱ ከሌላው ሳይጋጭ በሰላም እንዲያርፉ ማድረግ ነው። ይህን ሲናገር ዓይኑ ይበራል። ልቡ የት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም ነበር።

ይሁን እንጂ የመረጠው አየር ኃይሉን ነው። የመረጠውም በታላቅ ወንድሙ በእምሩ ምክንያት ነው።

እምሩ ወታደር ነበር። ነበር ይባል ወይስ ነው ይባል፣ ጭንቁ እሱ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ አንድ ቀን ደውሎ፣ እዚህ ይበርዳል፣ ግን የእናንተን ያህል አይሆንም ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። የጓደኞቹ ቤት መርዶ ሲገባ እነሱ ቤት አልገባም። ናሁሰናይ ያልጠየቀው ሰው፣ ያላንኳኳው በር አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ የሃምሳ አለቃ፣ ከውጭ ሆነህ ማን ይነግርሃል፣ ውስጥ ሲገቡ ግን ሰው ለሰው ይጠያየቃል አሉት። ይቺ ቃል ልቡ ውስጥ ገብታ ቀረች።

እናቱ ሸዋረግ፣ የበግ ጠጉር እየፈተለች ሁለቱን ያሳደገች፣ እምሩን አላለቀሰችውም። መርዶ ሳይመጣ የልጇን እርም የምታወጣ እናት የት አለች? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት የነፍስ አባቷን መምሬ መልከ ጼዴቅን ደጀ ሰላሙ ላይ ትጠብቃቸዋለች። "ወልደ አማኑኤልን ከመንገደኞቹ ጋር ያስቡልኝ" ትላቸዋለች። ወልደ አማኑኤል የእምሩ የክርስትና ስም ነው። ቁርጥሽን ዕወቂ ያላትን ጎረቤት ሁሉ ስታኮርፍ ኖራለች።

ናሁሰናይ ውሳኔውን ሲነግራት ምክንያቱን አልደበቃትም። እንዝርቷን አስቀመጠች።

"ካላገኘኸውስ?"

"እስካገኘው እፈልገዋለኋ፣ እማዬ።"

እንዝርቷን መልሳ አነሳች። አልለመነችውም፣ አላለቀሰችም። እሱም ሞኙ ተስማማች ብሎ ደስ አለው።

እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከጓሳ ተራራ የሚነፍሰው ብርድ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። መምሬ መልከ ጼዴቅ መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ የምትለውን ስለሚያውቁት ሳትናገር "ከመንገደኞቹ ጋር" አሏት።

"አይደለም አባቴ" አለች። "ከዛሬ ጀምሮ ከሙታን ጋር ያስቡት።"

"መርዶ መጣ እንዴ ልጄ?"

"መጣ።"

በነፍስ አባቷ ፊት ዋሽታ አታውቅም። ናሁሰናይ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው፤ ያማል። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ እሪ አለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የእነዚያን ሁሉ ዓመታት እንባ በአንድ ጠዋት አወረደችው። ከሰዓት ዕድርተኛው ድንኳን ተከለ። ናሁሰናይም ጭንቅላቱ ዞሮበት፣ የመጣው ሁሉ እግዜር ያጥናህ እያለው ተቀመጠ።

ለቀስተኛው ጋብ ሲልላቸው ወደ እናቱ ጠጋ አለ።

"እማዬ፣ እውነት ሞቷል ብለሽ አምነሻል?"

"እኔማ እንዴት ብዬ ልመን?" አለች በሹክሹክታ። "አንተ ግን እመንልኝ። ሞቷል ካልክ የምትፈልገው የለህም። ሂድና ማማህ ላይ ተቀመጥልኝ።"

ተናደደባት። ወንድሙን በቁሙ የቀበረችበት መሰለው። ፊቷን ሲያየው ግን ንዴቱ የሚያርፍበት ቦታ አጣ፤ አንዱን ቀብራ ሌላውን ልታተርፍ የቆረጠች ሴት ናት፣ ምን ይበላት?

በማግሥቱ አክስቱ ጌታነሽ ከራቤል ደረሰች። ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ዝም አለችና ወደ እሱ ዞረች። አስከሬን እንደሌለ፣ ያየ ሰው እንዳልመጣ በመንገድ ሰምታለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

"እርግጥ ነው ወይ፣ ልጄ?"

ናሁሰናይ እናቱን አየ። እናቱም ዓይኗን አልነቀለችበትም።

"እርግጥ ነው፣ አክስቴ" አለ። "እምሩ ሞቷል።"

ሸዋረግ ይህን ከልጇ አፍ ስትሰማ ከአግዳሚው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ሴቶቹ ደግፈው ሊያነሷት ቢሞክሩ እንቢ አለቻቸው። መርዶው የደረሳት ገና ያኔ ነበር።